ከርኅራኄ ሥልጠናው በፊት የዲዩቲው ክፍያ

በተመላላሽ ሕክምና ክፍል የተቀመጠች ነርስ ቀና ብላ ሳታይ «ነገ ተመለሱ» ትላለች። ታካሚው «እነዚህ ሰዎች ሥነ ምግባር የላቸውም» እያለ ይወጣል። ቅሬታው አስተያየት መስጫ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ በቦርድ ስብሰባ ይነሳል፤ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ይደርሳል። እዚያ ሲደርስ መፍትሔው ቀድሞ የተዘጋጀ ነው፦ የሁለት ቀን ሥልጠና፣ ከአበል ጋር።

ይህ አካሄድ ሥር አለው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የተተገበረው የመጀመሪያው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ አራት ዋና ዋና አጀንዳዎች ነበሩት፤ አንዱ «ተንከባካቢ፣ አክባሪና ሩህሩህ» ባለሙያ ማፍራት ነው። በሁለተኛው ዕቅድ ሐረጉ ተለወጠና «ተነሳሽ፣ ብቁና ሩህሩህ» ተባለ። «ተነሳሽ» የሚለው ቃል ከፊት መምጣቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ርኅራኄን ብቻውን አስተምሮ ማምጣት እንዳልተቻለ በግማሽ አፍ ማመን ነው። ችግሩ ቃሉ ይለወጥ እንጂ ሥራው ብዙም አለመለወጡ ነው። ተነሳሽነት አሁንም በአዳራሽና በፕሮጀክተር የሚታደል ነገር ሆኖ ይታያል።

የጤና ባለሙያ ተነሳሽነት የሚያልቅባቸው ቦታዎች ግን የታወቁ ናቸው። እያንዳንዳቸው ፈራሚ አላቸው፣ ማኅተም አላቸው፣ ቀን አላቸው። የሥራ ፍላጎቱን የሚያጣ ባለሙያ በአብዛኛው የሚያጣው በአንድ ትልቅ ምክንያት ሳይሆን በተደጋጋሚ ጥቃቅን ክህደቶች ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ያለ አዲስ አዋጅ የሚስተካከሉ ናቸው።

በደመወዙ እንጀምር፤ ካልተነገረ ሌላው ሁሉ ስብከት ይመስላልና። በ2011 ዓ.ም. በሚያዝያና በግንቦት ወራት ሐኪሞች አደባባይ ሲወጡና ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ባለሙያዎችን ሰብስበው ሲያነጋግሩ፣ አንድ ዶላር ወደ 29 ብር ገደማ ነበር። ያኔ 10,000 ብር ወደ 350 ዶላር ይጠጋ ነበር። የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በነበረው ሳምንት ያው 10,000 ብር 175 ዶላር ሆነ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ባለሙያዎች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ደግሞ ወደ 75 ዶላር ወርዶ ነበር። ዶላር ለምን ይቆጠራል የሚል ይኖራል። መልሱ ዘይቱም፣ ትራንስፖርቱም፣ የመድኃኒቱም ዋጋ ከዶላር ጋር ስለሚሄድ ነው። በዚያ ሥራ ማቆም በርካታ ባለሙያዎች ታሰሩ። የሙያ ማኅበር እንጂ በሕግ የሚደራደር የሠራተኛ ማኅበር የሌለው የመንግሥት ሠራተኛ ቅሬታውን በምን በር ያቀርባል የሚለው ጥያቄ እስካሁን በደንብ አልተመለሰም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሆስፒታልንና ክሊኒክን አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት ብሎ በእነሱ ዘንድ ሥራ ማቆምን ይከለክላል፤ የመንግሥት ሠራተኛው ደግሞ ከዚያ አዋጅ ውጭ ነው።

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ተጨምሯል። ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር፣ ከፍተኛው ከ21,492 ወደ 39,000 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው በቁጥር ትልቅ ነው። በወቅቱ ምንዛሪ ሲሰላ ግን 11,500 ብር ወደ 80 ዶላር ገደማ ነበር። ከከተማ የቤት ኪራይ ጋር አስተያዩት፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

የሥራ እርካታን በተመለከተ በየመመረቂያ ጽሑፉ የሚጠቀሰው ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው ንድፈ ሐሳብ ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ሲጎድሉ ያስከፋሉ እንጂ ሲሟሉ በራሳቸው አያነሳሱም፤ የሚያነሳሳው ሥራው ራሱ፣ ዕውቅናውና ዕድገቱ ነው ብሎ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ መነሻ ነው። ነገር ግን ያጠናው በፒትስበርግ አካባቢ የሚሠሩ መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን ነበር፤ ወር ሳይሞላ ብድር የሚገቡ ሰዎችን አልነበረም። ደመወዙ ከወሩ አጋማሽ የማያልፍ ባለሙያ ከሰዓት በኋላ የግል ክሊኒክ ይሠራል፣ ሌሊት ዲዩቲ (ከመደበኛ ሰዓት ውጭ ያለ ተረኛነት) ይገባል፣ ጠዋት ደግሞ ታካሚ ፊት ይቀመጣል። ቀና ብላ ያላየችው ነርስ ምናልባት ሠላሳ ሰዓት አልተኛችም።

ከደመወዙ በላይ ሰው የሚያስመርረው ግን ዲዩቲ ነው። ደመወዝ ትንሽም ቢሆን በወሩ መጨረሻ ይገባል። የዲዩቲ ክፍያ ግን የተሠራበት ሥራ ነው፤ ሌሊቱ አልፏል፣ ሕፃኑ ተወልዷል፣ ገንዘቡ የለም። ሦስት ወር፣ አምስት ወር፣ አንዳንድ ወረዳ ላይ ከዚያም በላይ ይከርማል። ሰው «ዝቅ አድርገው ከፈሉኝ» ሲል ይናደዳል፤ «ሠርቼ ከለከሉኝ» ሲል ግን ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ያለው ውል በልቡ ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ ተረኛው በሰዓቱ አይገባም፣ ገብቶም ይተኛል፤ ኃላፊውም በየትኛው አፉ ይቆጣዋል?

መዘግየቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከክፋት ሳይሆን በዓመቱ መጀመሪያ ካልተሠራ ሒሳብ ነው። እንቁጠረው። ከመደበኛ የሥራ ሰዓት ውጭ ያለው ጊዜ በአዘቦት ቀን 16 ሰዓት፣ በቅዳሜና በእሑድ 24 ሰዓት ነው። 22 የሥራ ቀንና 8 የዕረፍት ቀን ባለው ወር አንድ የተረኛ ቦታ 352 እና 192፣ በድምሩ 544 ሰዓት ይፈልጋል። አንድ ጤና ጣቢያ ነርስ፣ አዋላጅ፣ ላቦራቶሪና ፋርማሲ፣ በአራት ቦታ ተረኛ ቢመድብ 2,176 ሰዓት ይሆናል። የሰዓቱ አማካይ ክፍያ 60 ብር ነው እንበል፤ በወር 130,560 ብር፣ በዓመት ከ1.5 ሚሊዮን ብር በላይ ማለት ነው። ወረዳው ለዚህ ርዕስ የያዘው 1 ሚሊዮን ብር ከሆነ ገንዘቡ ከሐምሌ ተነስቶ የካቲት 20 አካባቢ ያልቃል። ይህን ሐምሌ ላይ በአንድ ገጽ ወረቀት ማወቅ ይቻላል። በተግባር ግን የሚታወቀው መጋቢት ላይ፣ ባለሙያዎቹ «የየካቲት ዲዩቲ የታለ?» ብለው ሲጠይቁ ነው።

ወረቀቱም የራሱ መንገድ አለው። የክፍሉ አስተባባሪ ወር ሳይገባ የተራ ፕሮግራም ያወጣል፤ ተረኛው ገብቶ ሲወጣ ይፈርማል፤ በወሩ መጨረሻ ሰዓቱ ተደምሮ ኃላፊው ያጸድቃል፤ የሰው ኃይል ክፍሉ ከደመወዙ ጋር አስተያይቶ የሰዓቱን ዋጋ፣ የሌሊቱን፣ የእሑዱንና የበዓሉን ለይቶ ያሰላል፤ ከዚያ ወረዳ ፋይናንስ ይሄዳል። አብዛኛው ጊዜ የሚጠፋው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ፕሮግራሙና የፊርማ መዝገቡ አለመግጠማቸው ነው፤ ሁለት ነርሶች ተረኛነት ተለዋውጠው በጽሑፍ ካላሳወቁ የሁሉም ሰነድ ተመላሽ ይሆናል፤ የአንድ ሰው ስሕተት የሠላሳ ሰው ክፍያ ያስራል። ሁለተኛው ደግሞ ሰነዱ ፋይናንስ ደርሶ ከሌላ ወጪ ጋር ወረፋ መያዙ ነው። የወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ይሄዳል፤ በቀረው ላይ ነዳጁም፣ ስብሰባውም፣ ዲዩቲውም ይጋፋሉ። የሚጮኽ ይቀድማል። የጤና ጣቢያ ኃላፊ ደግሞ ካቢኔ ውስጥ አይቀመጥም።

ገንዘብ ዘግይቶ መከፈሉ በራሱ ቅጣት መሆኑም አይረሳ። የዓመቱ የዋጋ ንረት 20 በመቶ ቢሆን ለስድስት ወር የዘገየ 3,000 ብር ወደ 260 ብር የሚጠጋ የመግዛት አቅሙን አጥቶ ይመጣል። ማንም ይህን ጉዳት ብሎ መዝግቦት አያውቅም።

ሁለተኛው የመሸርሸሪያ ቦታ የመድኃኒት መስኮቱ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ቃሉ ግልጽ ነበር፦ ዓመታዊ መዋጮህን ክፈል፣ ስትታመም ከኪስህ አታወጣም። አርሶ አደሩ ከፍሎ መታወቂያውን ይዞ ይመጣል። ሐኪሙ ይመረምረዋል፣ መድኃኒት ይጽፋል፣ ፋርማሲው «የለም፣ ከውጭ ግዛ» ይላል። ውሉን ያፈረሰው የአቅርቦቱ ሰንሰለት ነው፤ ስድቡን የሚቀበለው ግን ፊት ለፊት ያለው ባለሙያ ነው። ይህ በቀን አሥር ጊዜ ሲደጋገም ሰው ራሱን መከላከል ይጀምራል፦ ዓይን አለማየት፣ አጭር መልስ፣ «ቀጣይ!»። የሙያ መዛልን ለመለካት ዛሬም በስፋት የሚያገለግለውን መጠይቅ ያዘጋጀችው ክርስቲና ማስላክ ችግሩን በሦስት ትከፍለዋለች፦ የስሜት መንጠፍ፣ ታካሚን እንደ ዕቃ ማየት፣ «ሥራዬ ዋጋ የለውም» ማለት። እኛ ሥነ ምግባር ጎደለው የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም መዛልን ከሥራ የሚመጣ ክስተት ብሎ መደበው እንጂ የግለሰብ በሽታ አላለውም።

እዚህ ላይ መድኃኒቱን ጤና ጣቢያው ከየት ያመጣል ይባል ይሆናል። ልክ ነው፤ አያመጣም። ግን ዛሬ የትኞቹ መድኃኒቶች እንደሌሉ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በአንድ ወረቀት ለመርማሪዎቹ ማሳወቅ ይችላል። ሐኪሙ የሌለውን ከመጻፍ ያለውን አማራጭ ያዝዛል፤ ከሌለም ታካሚው ወረፋ ሳይጠብቅ እውነቱን ይሰማል። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ በየቀኑ ሲሠራ ግን ብዙ አናይም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። መርሐ ግብሩ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ወደ ጤና ኬላ ተመደቡ። አንድ ኬላ እስከ 5,000 ሕዝብ ያገለግላል፤ ሲጀመር 16 የሥራ ጥቅሎች ነበሩት፤ ሦስት አራተኛው ጊዜ ቤት ለቤት እንዲሆን ታስቦ ነበር። በሁለት ዐሥርት ዓመት ውስጥ ቁጥራቸው ወደ 40 ሺሕ ተጠጋ። አገሪቱ በእናቶችና በሕፃናት ጤና ያገኘችው ለውጥ ያለ እነሱ አይታሰብም። ችግሩ የመጣው ከጊዜ ነው። በ19 ዓመቷ የገባችው ልጅ ዛሬ አርባን ተሻግራለች ወይም ልትሻገር ነው፤ ባለትዳር ናት፣ ልጆች አሏት፣ ባሏ ምናልባት ሌላ ወረዳ ነው። ሥራው ግን ለ19 ዓመት ልጅ እግር እንደተነደፈ ነው። ደረጃ ለማሻሻል ወረፋ አለ፤ ከዚያ በላይ የሚወጣው መሰላል ጠባብ ነው፤ ዝውውር ለማግኘት ምትክ ይጠየቃል። በዚህ ላይ ክትባቱም፣ ዘመቻውም፣ የመድን መዋጮ ማሰባሰቡም፣ ቀበሌው የሚጠራው ስብሰባም እሷ ላይ ይወርዳል። ሪፖርቱ ሲበዛ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል፦ ቁጥሩ ከቤቱ ሳይሆን ካለፈው ወር ሪፖርት ይወለዳል። ይህን የእሷ ስንፍና ማለት ሥራውን ካለማወቅ ይመጣል።

ሐኪሞች ዘንድ ታሪኩ በሌላ በኩል ነው። በየካቲት 2004 ዓ.ም. መንግሥት በአንድ ጊዜ በ13 ተቋማት አዲስ የሕክምና ትምህርት ጀመረ፤ ነባሮቹም የሚቀበሉትን ተማሪ አበዙ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ብዙ ሐኪም ከወጣ ገጠሩ ይሞላል። ሐኪሙ ወጣ፤ ክልሎች ግን የሚቀጥሩበት በጀት አልነበራቸውም። ሐኪም ለብዙ ሺሕ ሰው አንድ በሆነበት አገር ሥራ አጥ ሐኪም የሚባል ነገር የመጣው እንዲህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ለ1,000 ሰው 4.45 ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ ያስፈልጋል ብሎ መለኪያ አውጥቷል፤ ኢትዮጵያ ከዚያ እጅግ ርቃ ሳለ የሠለጠነ ሰው ቤቱ ተቀምጧል። እጥረቱ የሰው ሳይሆን በጀት ያለው የሥራ መደብ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ሀብታም አገሮች በዘመቻ ባለሙያ እንዳይመለምሉባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 55 አገሮች መካከልም ኢትዮጵያ አለች።

የማቆያው መንገድ ደግሞ በአብዛኛው ወረቀት መያዝ ነው። የአገልግሎት ግዴታ እስኪያልቅ ዋናው የትምህርት ማስረጃ አይሰጥም፤ መልቀቂያ ይከለከላል፤ ክሊራንስ ይንጓተታል። ባለሙያው አካሉ እዚያው ይቆያል፤ ልቡ የሄደው ግን የተያዘ ዕለት ነው። በገጠር ማቆየት የሚቻለው ሌላ መንገድ ሲታይ ነው፦ ገጠር የተወለደን ልጅ ለሙያው መመልመል፣ ቤት መስጠት፣ ከዚህ ያህል ዓመት በኋላ ስፔሻላይዜሽን ትገባለህ ብሎ ቀኑን ማክበር። የዓለም ጤና ድርጅት የገጠር ማቆያ መመሪያም ገጠር ተወልዶ ያደገን መመልመል ከሚመክራቸው ነገሮች አንዱ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ትልቁ ቀኑን ማክበር ነው። «ሁለት ዓመት» ተብሎ አምስት የሚሆን ግዴታ ከእሱ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያስጠነቅቃል።

ማበረታቻ ክፍያም ቢሆን እንዴት እንደተሠራ ይወስነዋል። ጋና እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ለሐኪሞች የተጨማሪ ሰዓት አበል ጀመረች። ነርሶቹ ያገኙት ከሐኪሞቹ እጅግ ያነሰ ሆኖ ስላዩት አድማ መቱ፤ አበሉ እያበጠ ሄዶ በ2006 ከደመወዝ ጋር ተዋሃደ። ማላዊ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2004 በጀመረችው መርሐ ግብር ለተመረጡ የጤና ሙያዎች የ52 በመቶ ጭማሪ አደረገች፤ ከሥልጠና መስፋፋት ጋር ተዳምሮ በአምስት ዓመት ውስጥ የባለሙያዎቿ ቁጥር ከግማሽ በላይ አደገ። ሩዋንዳ ደግሞ በውጤት ከፈለች። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች 23 በመቶ ጨመሩ፤ አራት ጊዜ የእርግዝና ክትትል የሚያጠናቅቁት ግን አልጨመሩም። ምክንያቱ ቀላል ነው። አዋላጅ ምጥ የያዛትን እናት ቤት ሄዳ ልታመጣ ትችላለች፤ እናት አራተኛ ቀጠሮዋን እንድታከብር ግን በእጇ አይደለም። ባለሙያ በእጁ ለሌለ ነገር ሲከፈለው ወይ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይ መዝገብ ያስተካክላል። የእኛው የውጤት ተኮር ምዘናም ሁሉም ተመሳሳይ ነጥብ የሚያገኝበት ቅጽ ሆኖ የቀረው በከፊል በዚህ ነው።

ስለ መለኪያ ካነሳን በአገራችን የሥራ እርካታ ጥናቶች ላይ አንድ ነገር መባል አለበት። በርካታ ጥናቶች መልሶችን ከ1 እስከ 5 ሰብስበው ይደምሩና ከአማካዩ በላይ ያገኘውን «ረክቷል»፣ በታች ያለውን «አልረካም» ይላሉ። ከአማካይ በላይ የሚሆን ሰው ደግሞ በተፈጥሮው ግማሽ ገደማ ነው! ስለዚህ ጥናቱ ተመረረም ደስ አለም ውጤቱ ሁልጊዜ «ወደ ግማሽ የሚጠጉት ረክተዋል» ይሆናል። በዚህ ቁጥር ሁለት ሆስፒታል ማወዳደርም፣ አምና ከዘንድሮ ማስተያየትም አይቻልም። መጠይቁን የሚያድለው የቅርብ ኃላፊ ከሆነ ደግሞ ግማሹም አይታመን፤ አራት ሰው ባለበት ክፍል ስም አለመጻፍ ማንንም አይደብቅም።

ከዚያ ይልቅ የሚቆጠር ነገር መቁጠር ይሻላል። የመጨረሻው ዲዩቲ ከተከፈለ ስንት ቀን ሆነው? በዚህ ሩብ ዓመት ስንት ሰው መልቀቂያ ጠየቀ፣ ስንቱስ ምክንያቱን ተጠየቀ? ሥልጠና የሄዱት እነማን ናቸው፣ ያው ሦስት ሰዎች ናቸው ወይስ ተራው ይዞራል? የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ አበል ያለበት ሥልጠና በዚህ ደመወዝ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ግን ትንሽ አይደለም። ስም ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ብቻውን ከብዙ ሐሜት ያድናል።

በትግራይ በጦርነቱ ጊዜ ባለሙያዎች ከዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ሠርተዋል። ይህን አንዳንድ ኃላፊ «ፍላጎት ካለ ይቻላል» ለማለት ሲጠቅሰው ይሰማል። በከበባ ውስጥ የታየን ጽናት የመደበኛ ጊዜ የበጀት መመሪያ ማድረግ ነውር ነው።

አንድ የጤና ጣቢያ ኃላፊ ደመወዝ መጨመር አይችልም። በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት ከላይ ያለውን የሰዓት ሒሳብ ሠርቶ ገንዘቡ የሚያልቅበትን ወር ማወቅ፣ ለቦርዱም ለወረዳውም በደብዳቤ ማሳወቅ ግን ይችላል። የሚያልቀው የካቲት ከሆነ ተጨማሪ በጀት የሚጠየቀው ጥር ላይ ነው፤ ግንቦት ላይ ሲጠየቅ የሚገኘው መልስ «የለም» ብቻ ነው። ሌሊት ጥቂት ምርመራ ብቻ የሚሠራ ላቦራቶሪ ካለ ተረኛው ቤቱ ሆኖ ሲጠራ እንዲመጣ በማድረግ ሰዓቱን መቀነስ ይቻላል፤ ይህ ግን ከባለሙያዎቹ ጋር ተማክሮ እንጂ በማስታወቂያ አይደረግም። የተለዋወጡ ተረኞች የሚፈርሙበት አንድ ደብተር ማስቀመጥ ሰነድ ተመላሽ እንዳይሆን ያደርጋል። የሁሉም ወሳኙ ቀን ሰኔ 30 ነው። ያን ቀን ያለፈ የዲዩቲ ሰነድ የአዲሱ ዓመት በጀት ዕዳ ይሆናል፤ አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ፣ የቆየ ዕዳ እንዲከፈል እስኪፈቀድ መስከረም ይጠባል። ስለዚህ የግንቦቱ ሰነድ በሰኔ የመጀመሪያ ሳምንት ፋይናንስ መግባት አለበት፤ የሰኔውም ፕሮግራም ተረኞቹ እየፈረሙ በየሳምንቱ ይደመር እንጂ ወሩ እስኪያልቅ አይጠበቅ።